ባዶ ክፍል ውስጥ ያስቁ የነበሩ ሰዎች፦ ስለ ፎኖግራፍ ዘመን ቀልዶች የተነሳ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ስለ ድምፅ ቅጂ ታሪክ ሲወራ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍን ፈለሰፈ ይባላል። ከዚያ ወሬው ዘሎ በ1902 ሚላን ላይ ለግራሞፎን የዘፈነው የኦፔራ ዘፋኙ ካሩሶ ጋ ይደርሳል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መሃል ላይ ያለው ሃያ አምስት ዓመት የት ገባ? ያን ጊዜ ሰው ምን ይሰማ ነበር?

እኔ ቀልድ ይሰማ ነበር ነው የምለው። ሌላም ይሰማ ነበር፤ ማሽኑን ከቢሮ አውጥቶ ሕዝብ መሃል ያስገባው ግን በአብዛኛው ሳቅ ነው። ኤዲሰን በዋናነት ያሰበው ለደብዳቤ ማስጻፊያ ነበር። በኖቬምበር 1889 ሉዊስ ግላስ የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ገብቶ ሳንቲም የሚቀበል ፎኖግራፍ አቆመ። አምስት ሳንቲም ትከታለህ፣ ቱቦውን ጆሮህ ውስጥ ትሰካለህ፣ ሁለት ደቂቃ ታዳምጣለህ። የመጀመሪያዋ ማሽን በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ1,000 ዶላር በላይ ሰበሰበች። ወሬው ሲሰማ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከትለው ገቡበት።

ለዚህ ገበያ የቀረቡት ኮሜዲያን ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን ሥራ ነው የሠሩት። ፊታቸው አይታይም። እጃቸው አይታይም። ከፊታቸው የሚስቅ ሰው የለም፤ ያለው ግድግዳ፣ ጥሩምባና ቴክኒሻን ብቻ ነው። ጊዜያቸው ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ሌላ ከተማ ያለ፣ አይተውት የማያውቁትን ሰው ማሳቅ አለባቸው። በድምፅ ብቻ ማሳቅ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው እነሱ እጅ ላይ ነው። ስማቸው ግን የለም። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ክሩ (ይህ የመድረክ ውይይት) በጣም ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚቸገር፣ የመልሶቹን ፍሬ ነገር በየተራ ቁጥራቸው አሰባስቤ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኳቸውም።

1ኛ መልስ፦ ከአዳማ የሚጽፍ ወጣት ነው። በትሕትና አመስግኖ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። ማይክሮፎን ከሌለ ድምፁ በምን ይቀዳል? ፎኖግራፍና ግራሞፎንስ አንድ ናቸው?

2ኛ መልስ፦ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ሰጠ። ተናጋሪው ትልቅ ጥሩምባ ውስጥ ጮክ ብሎ ይናገራል። ድምፁ ጥሩምባው ጫፍ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል። ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌ ደግሞ እየተሽከረከረ ባለ የሰም ሲሊንደር ላይ ቦይ እየቆፈረ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። ማይክሮፎን ወደ ቅጂ ሥራ የገባው በ1925 ነው። ፎኖግራፍ ሲሊንደር ነው፤ ግራሞፎን ደግሞ በርሊነር የሚባል ፈልሳፊ ያመጣው ጠፍጣፋ ዲስክ፣ እኛ ሸክላ የምንለው ነው።

ቀጥሎ የጻፈው ለዚህ ክር ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ያ መሣሪያ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀበልም ነበር። ቫዮሊን ይጠፋበታል። ወፍራሙ ድምፅ ይደበዝዝበታል። የ«ስ» ድምፅ ጭራሽ አይሰማም ማለት ይቻላል። ጥርት ያለ፣ ጠንካራ የወንድ ድምፅ፣ ባንጆ፣ ፉጨትና ሳቅ ግን በደንብ ይቀዳሉ። የመድረክ ኮሜዲያን ደግሞ ድምፁ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲደርስ የሠለጠነ ሰው ነው። ስለዚህ ማሽኑና ኮሜዲያኑ የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም ብሎ ደመደመ።

3ኛ መልስ፦ የሙዚቃ መምህርት ናት። በጨዋ ቋንቋ ተቃወመችኝ። ዋሽንግተን ላይ የተቋቋመው ኮሎምቢያ ፎኖግራፍ ኩባንያ ገና ከመጀመሪያው የባሕር ኃይል ወታደሮችን ማርሽ ባንድ ይቀዳ እንደነበር አስታወሰች። ጆን ዮርክ አትሊ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊም ነበር፤ በፉጨት ብቻ ዝነኛ ሆነ። እነዚህ ቀልድ አይደሉም፤ ሳንቲሙ ለእነሱም ይከተት ነበር አለች።

እኔም መለስኩላት። ማርሹን አልካድኩም። ነገር ግን ማርሽ አደባባይ ላይም በነፃ ይሰማል። ሰው ሳንቲም ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ቱቦ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ወጥቶ ለጓደኛው የሚያወራው ያሳቀውን ነገር ነው። እሷም በዚህ አልተስማማችም። ልዩነታችን እስከ መጨረሻው እንዳለ ነው።

4ኛ መልስ፦ ሜሪላንድ የምትኖር እህት ናት፤ ከሁሉም ረጅሙን መልስ የጻፈችው እሷ ነች። የጻፈችውም ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ጆንሰን ነው። ጆንሰን በ1840ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በጀልባ ማቋረጫዎች አካባቢ እየዘፈነና እያፏጨ ሳንቲም ሲለምን የፎኖግራፍ ሰዎች ሰሙት። በ1890 አካባቢ መቅዳት ጀመረ። በድምፅ ቅጂ ዝና ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ይባላል።

ሥራዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው የፉጨት ዘፈን ነው፤ ርዕሱ ራሱ ጥቁር ሰው የሚሰደብበት ቃል ያለበት። ሁለተኛው የሳቅ ዘፈን ነው። ይህን ሁለተኛውን ደግማ ደጋግማ ሰምታ የጻፈችውን በደንብ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ። ዘፋኙ በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች በመልኩና በቀለሙ ሲያላግጡበት ይሰማል። ስድቡን ራሱ ያዜመዋል። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ቃል ያልቅና ሳቅ ይጀምራል። ሳቁ ዝም ብሎ የፈነዳ ሳቅ አይደለም። ዜማ አለው፣ ምት አለው፣ ከፒያኖው ጋር ይወጣል ይወርዳል። የሆነ ቦታ ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል። መልሶ ይይዘዋል። ማን በማን እየሳቀ ነው? እህታችን ለዚህ መልስ አልሰጠችም። ጥያቄውን ጥላልን ሄደች።

5ኛ መልስ፦ አንድ መስመር ብቻ። ሰውየው ሚስቱን ገድሎ ተሰቅሎ ነው የሞተው ይላል።

6ኛ መልስ፦ ክሩ ውስጥ የመጀመሪያው ኃይለኛ መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው ቁጣውን አልደበቀም። ጆንሰን አብራው የምትኖር ሴትን በመግደል ተከሶ በ1899 ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ ይህ እውነት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን በነፃ አሰናብቶታል። ተሰቀለ የሚለው ወሬ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ኖሮ ቲም ብሩክስ የሚባለው ተመራማሪ ሰነዱን አገላብጦ ውድቅ አድርጎታል። ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ ሳያጣሩ መጻፍ ነውር ነው ብሎ 5ኛውን ጸሐፊ ገሠጸው።

7ኛ መልስ፦ 5ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ከአንድ ቪዲዮ እንደሰማው ገለጸና ቃሉን አነሳ። ምስጋና ይገባዋል።

8ኛ መልስ፦ የድምፅ ባለሙያው ተመለሰ። ከጆንሰን ታሪክ ውስጥ የእሱን ትኩረት የሳበው አሠራሩ ነው። በዚያ ጊዜ ሲሊንደርን አንድ ጊዜ ቀድቶ በሺህ ማባዛት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ዘፋኙ ሦስትና አራት ማሽን ፊቱ ተደርድሮለት ይዘፍናል፤ አንድ ዙር ሲዘፍን ሦስት አራት ሲሊንደር ይወጣል። ተጨማሪ ከተፈለገ እንደገና ይዘፍናል። እንደገና። ጆንሰን ያችኑ ዘፈን በቀን በአሥራዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደግማት ነበር። ለአንድ ዙር የሚከፈለው 20 ሳንቲም ገደማ ነበር። ለእያንዳንዱ ዙር ያንን ሳቅ ከሆዱ ማውጣት አለበት፤ ጠዋት የሳቀውን ያህል ከሰዓትም መሳቅ አለበት።

ከዚያ ኤዲሰን በ1902 ሲሊንደርን በቅርጽ ማውጫ (በሞልድ) እያፈሰሰ ማባዛት ጀመረ። ዋጋው ወረደ፣ ድምፁ ጠራ፣ ገዢው ተደሰተ። ጆንሰን ግን እንጀራውን አጣ። አንዴ ከተቀዳ በኋላ ዳግም የሚፈልገው አልነበረም። መጨረሻ ላይ የቀድሞ ባልደረባው ሌን ስፔንሰር ቢሮ ውስጥ በር ጠባቂ ሆኖ ሠራ። በ1914 ሲሞት ኩዊንስ ውስጥ ያለ ምልክት ተቀበረ። የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመለት በ2014፣ ልክ በመቶ ዓመቱ ነው። የሳቅ ዘፈኑም በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የቅጂዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ሁሉም አተረፈ የሚለው አነጋገር አይዋጥልኝም።

9ኛ መልስ፦ ቀለል ያለ ነው፤ ክሩ አየር ያገኘበት። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ቤተሰብ በተሰበሰበበት የኦኬህ ቅጂ ኩባንያን የሳቅ ሸክላ በስልኳ ከፍታ ነበር። ይህ ሸክላ በ1920 በርሊን ውስጥ የተቀዳ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ኦኬህ ነው። አንድ ሰው ኮርኔት (ትንሽ ጥሩምባ) ላይ የሚያሳዝን ዜማ ይጫወታል። ትንሽ ይሳሳታል። አንዲት ሴት ፍርፍር ትላለች። ሊቀጥል ይሞክራል። እሷ ታፍናለች፣ አልቻለችም። አንድ ወንድም ይጨመርባታል። በመጨረሻ ኮርኔቱ ይቀርና ሳቅ ብቻ ይሆናል። የጸሐፊዋ አያት መጀመሪያ ምንድን ነው እሱ ብለው ተቆጡ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። የሳቅ ዘፈኑና ይህ ሸክላ በየአገሩ የተሸጡት በዚህ ምክንያት ነው ትላለች። እኔም በሙሉ ልቤ እስማማለሁ።

10ኛ መልስ፦ አሜሪካ ብዙ ዓመት የኖሩ አባት ናቸው። ስለ ካል ስቱዋርት ጻፉ። ስቱዋርት በ1856 ቨርጂኒያ ተወለደ። አጎቴ ጆሽ የሚባል ገጸ ባሕሪ ፈጠረ፤ ፓንኪን ሴንተር ከሚባል ልብ ወለድ መንደር ኒው ዮርክ የመጣ ሽማግሌ ገበሬ። ትራም ያደናግረዋል። ትልቅ ሱቅ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። አውቶሞቢል ይገዛል። ስቱዋርት ለኤዲሰንም፣ ለኮሎምቢያም፣ ቪክተር ለሚባለው የቅጂ ኩባንያም ቀዳ፤ በ1919 እስኪሞት ድረስም አላቆመም።

እሳቸው ያስተዋሉት ነገር ደስ ይላል። አጎቴ ጆሽ ራሱ ይስቃል፤ ረጅም የሽማግሌ ሳቅ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ያየዋል፤ በራሱ ቀልድ የሚስቅ ሰው ምን ያስቃል ይላል። ግን ቱቦ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ብቻውን የቆመው አድማጭ አጠገቡ የሚስቅ ሰው የለውም። ስቱዋርት ሳቁን ከቀልዱ ጋር አብሮ ላከለት። ቴሌቪዥን የተቀዳ ሳቅ መጠቀም የጀመረው ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው!

11ኛ መልስ፦ እዚህ ጋ ክሩ ከረረ። ጸሐፊዋ ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደች ኢትዮጵያዊት ናት። እስካሁን ሁላችሁም እያደነቃችሁ ያላችሁት ጥቁርን፣ ስደተኛንና ገጠሬን ማዋረድ የተሸጠበትን ገበያ ነው አለች። በዚያ ዘመን የቅጂ ዝርዝር ውስጥ ጥቁርን የሚሰድብ ዘፈን ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። አብዛኛውን የሚዘፍኑት የጥቁር ድምፅ የሚያስመስሉ ነጮች ነበሩ። ጆንሰን የሳቀው ስላሳቀው ሳይሆን የሚገዛው ያ ብቻ ስለነበር ነው። ይህን ሳይናገሩ ሙያ፣ ሙያ ማለት ያሳፍራል አለች።

12ኛ መልስ፦ ሌላ ጸሐፊ ሊያበርድ ሞከረ፤ አባባሰው። በዚያ ጊዜ ያልተሰደበ የለም አለ። ረስል ሀንቲንግ የሚባል ተዋናይ ማይክል ኬሲ በሚባል አይሪሽ ገጸ ባሕሪ ላይ ተከታታይ ቀልድ ቀድቷል፤ ሁለቱንም ተናጋሪ ራሱ ሆኖ። ጆ ሄይማን በ1913 ለንደን ውስጥ የቀዳው ኮኸን በስልክ የሚለው ሸክላ በአይሁድ ስደተኛ አነጋገር ላይ የተሠራ ነው። ሁሉም በሁሉም ስለሚስቅ እኩል ነው ብሎ ደመደመ።

13ኛ መልስ፦ 11ኛዋ ጸሐፊ ወዲያው መለሰች፤ ቃሏም ሹል ነበር። አይሪሹ ቀልዱን ሰምቶ ሲያበቃ ወጥቶ ፖሊስ መሆን፣ ለምክር ቤት መመረጥ ይችላል። ጥቁሩ በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ የመምረጥ መብቱን ይነጠቃል፣ ያለ ፍርድ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። አንድ ዓይነት ስድብ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። እኩል ነው ማለት አለማየት ነው አለች።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ያኔም ጽፌዋለሁ። የሙያው ታላቅነትና የገበያው ክፋት አብረው የሚሄዱ እውነቶች ናቸው። ጆንሰን ከባድ ሥራ በከፍተኛ ችሎታ ሠራ። የተፈቀደለት ብቸኛ ጽሑፍ ደግሞ የገዛ ስድቡ ነበር። ሁለቱን አብረን ካልያዝን ሰውየውን አላወቅነውም።

14ኛ መልስ፦ ጸጥ ባለ ድምፅ የጻፈ የቲያትር ሰው ነው፤ ክሩን ያቃናው እሱ ነው ማለት እችላለሁ። ስለ በርት ዊልያምስ ጻፈ። ዊልያምስ በ1874 ናሳው፣ ባሃማስ የተወለደ ጥቁር ኮሜዲያን ነው። ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር በ1901 ለቪክተር ቀዳ። በ1906 ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳዩት ሙዚቃዊ ቲያትር ርዕስ ምን ነበር? «አቢሲኒያ»። ከካንሳስ የመጣ ሰው ሎተሪ ደርሶት ወገኖቹን ይዞ ኢትዮጵያ ይሄዳል፤ እዚያም ችግር ውስጥ ይገባል። አጼ ምኒልክ ገጸ ባሕሪ ሆነው መድረኩ ላይ አሉ። ከዓድዋ ድል አሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ቲያትር ቡድን የጥቁር ንጉሥ ዙፋን መድረክ ላይ ሊያሳይ ሲፈልግ የመረጠው የእኛን አገር ነው።

ዊልያምስ በዚያው ዓመት ለኮሎምቢያ የቀዳው «ማንም» የሚል ዘፈን አለ። ግማሹ ንግግር ነው፣ ግማሹ ዜማ። ሲርበኝ ማን አበላኝ፣ ሲቸግረኝ ማን ደረሰልኝ ዓይነት ጥያቄ ይደረድራል፤ መልሱ ሁሌ ማንም ነው። ትሮምቦኑ ከጀርባ ያቃስታል። አይቸኩልም። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ብቻ ባለበት ዘመን ዝም ለማለት የደፈረ ኮሜዲያን ነው። የቲያትሩ ሰው የ11ኛዋን ጸሐፊ ሐሳብ አልካደም፤ ዊልያምስም መድረክ ላይ ፊቱን ጥላሸት እንዲቀባ ይገደድ ነበር። ሸክላው ላይ ግን ጥላሸቱ አይታይም። የቀረው የሰውየው ድምፅ ብቻ ነው። ቅጂዎቹን ደጋግሞ የሚሰማቸው ለዚህ እንደሆነ ጻፈ።

11ኛዋ ጸሐፊ ከዚህ በኋላ ዘፈኑን ሰምታ እንደተመለሰች ገልጻለች። ሌላ አልጨመረችም።

15ኛ መልስ፦ የምኒልክ ስም ሲነሳ ክሩ ወደ አገር ቤት ሮጠ። አንድ ጸሐፊ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለምኒልክና ለጣይቱ በፎኖግራፍ ድምፅ መላካቸውን፣ እነሱም በ1899 በድምፃቸው መመለሳቸውን አነሳ። ይህ ቀልድ ባይሆንም፣ ሲሊንደር ቤተ መንግሥታችን የገባው በዚያው የሳቅ ዘፈን ዘመን መሆኑ እንዳስገረመው ጻፈ።

16ኛ መልስ፦ 10ኛ ላይ የጻፉት አባት ተመለሱ። እንግዲያው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሳታነሱ እንዴት ታልፋላችሁ ብለው ቅር ተሰኙ። ተሰማ በ1908 የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀዱ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ የሚባለው የእሳቸው ነው። ግጥም አዋቂ፣ ለዛ ያላቸው፣ በነገር ወጋ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ማሲንቆና ግጥም ይዞ ነገር የሚወጋ ሰው ከኮሜዲያን በምን ያንሳል ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከባድ ነው። እኔ ሸክላዎቹ የቀልድ ቅጂ ናቸው አልልም፤ የአዝማሪ ጨዋታ ግን ሳቅን ከዜማ ለይቶ እንደማያውቅ እስማማለሁ።

17ኛ እና 18ኛ መልስ፦ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ የእሳቸው ልጅ መሆኑን ጻፈ። ሌላው ስለ አፍሪካ ዋንጫ ጀመረ። ጋሼ ይድነቃቸውን ይቅርታ ጠይቄ ኳሱን ወደ ሌላ ክር እንዲወስዱት ለመንኳቸው።

19ኛ መልስ፦ ወደ ሀንቲንግ መለሰን። ጸሐፊው 12ኛ ላይ የተጠቀሰውን ሰው ታሪክ እንዳልጨረስነው ተናገረ። ሀንቲንግ በ1896 ኒው ዮርክ ውስጥ ታስሯል። ምክንያቱ ብልግና የሞላባቸው ሲሊንደሮች መቅዳቱ ነው። ያሳሰረው አንቶኒ ኮምስቶክ የሚባለው የግብረገብ ዘማች ነበር። ሦስት ወር ተፈረደበት። ጸሐፊው ነገሩን ከቱቦው ጋር አያያዘው፤ እኔም ትክክል ይመስለኛል። ጥሩምባ ባለው ማሽን ላይ ብልግና ቢከፈት ቤቱ ሙሉ ይሰማል። በጆሮ ቱቦ ግን ሰው በተሞላ መጠጥ ቤት መሃል ቆመህ አንተ ብቻ ትሰማለህ። በአደባባይ ቆሞ በድብቅ መስማት የሚቻለው ከዚህ ማሽን ወዲህ ነው። ከእነዚያ ሲሊንደሮች ጥቂቶቹ ተርፈው በ2007 በሲዲ ወጥተዋል።

20ኛ መልስ፦ ባለጌ ነገር ወደ መድረኩ አታምጡ የሚል ተግሣጽ ነው። ስለ እስራቱ መጻፍና ብልግናውን መጻፍ ለየቅል ናቸው ብዬ መለስኩ። አልተዋጠለትም።

21ኛ መልስ፦ ስለ እኛ የካሴት ዘመን። የልመነህና የአለባቸው፣ የደረጀና የሀብቴ ቀልዶች ያሳደጉት ሰው ነው። አጎቴ ጆሽን ሰምቶ የመጣለት የእኛው የባላገር ቀልድ ነው፤ ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ የሚደናገረው ሰው። 13ኛውን መልስ አንብቦ እኛስ በማን አነጋገር እየሳቅን ነው ያደግነው ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ብዙ ሰው መለሰ፤ ጥቂቶቹ በብሔር ተሰዳደቡ፤ እነዚያን መልሶች አንስቻቸዋለሁ።

22ኛ መልስ፦ አንዲት ጸሐፊ ኮሜዲያኑ ናት ዊልስ በ1908 ለቪክተር የቀዳውን አንድ ወግ በአማርኛ አወራችልን። ሰውየው ከዕረፍት ተመልሶ አሽከሩን ምን አዲስ ነገር አለ ይለዋል። ምንም የለም ጌታዬ፣ ውሻው ከመሞቱ በቀር። ውሻው ምን ሆነ? የተቃጠለ የፈረስ ሥጋ በልቶ። ፈረሱስ? ጋጣው ሲቃጠል። ጋጣውስ? ከቤቱ በተነሳ ፍንጣሪ። ቤቱስ? በሬሳ ሣጥኑ ዙሪያ በበራው ሻማ። የማን ሬሳ? የአማትዎ። እንዲህ እያለ ሚስትየው ከሹፌሩ ጋር እስከ መጥፋቷ ይደርሳል። በሁለት ሰው ድምፅ፣ ያለ አንድ የፊት ገጽታ፣ ቤተሰብ ሙሉ ሲፈርስ ያሳያል። ይህን ከነገረችን በኋላ ክሩ ለሁለት ቀን ሳቅ በሳቅ ሆነ።

23ኛ መልስ፦ የአዳማው ወጣት ነው። እነዚህን ቅጂዎች የት ላገኛቸው እችላለሁ አለ። ባለሙያው መለሰለት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ቤተ መጻሕፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሊንደሮችን በነፃ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ከ1923 በፊት የወጡ የአሜሪካ ቅጂዎች ከ2022 ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ስለሆኑ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። በኢርፎን ስማው፣ መጀመሪያ የሚሰማህ ሽርሽርታ ነው፣ ትንሽ ታገሥ ብሎ መከረው።

24ኛ መልስ፦ የቲያትሩ ሰው ሐሳብ አመጣ። ኮኸን በስልክ የሚለው ሸክላ ላይ አንድ ተከራይ ንፋስ ቤቱን ስለጎዳበት ለአከራዩ ይደውላል፤ የአከራዩን ድምፅ አንሰማም፤ የምንሰማው ተከራዩ ሲያስረዳና ሲሳሳት ብቻ ነው። ይህን አዲስ አበባ የተከራየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአማርኛ እንሥራው አለ። ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ፣ መቁረጥና መቀጠል የሌለበት።

25ኛ መልስ፦ ባለሙያው ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከአንድ ክንድ ርቀት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ የሚስቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይኑር የሚል ደንብ ጨመረ። 3ኛዋ መምህርት ቢያንስ ክራር ይፈቀድ አለች። ተፈቅዷል።

26ኛ መልስ፦ 11ኛዋ ጸሐፊ እሳተፋለሁ አለች። አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፤ ሳቁ በማንም ብሔረሰብ አነጋገር ላይ እንዳይመሠረት። 12ኛው ጸሐፊ ይህ እጅ ማሰር ነው ብሎ ተከራከረ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ወስኛለሁ፤ ቅድመ ሁኔታው ጸድቋል። የቀዳችሁትን እዚሁ ሥር ለጥፉ።